የያዘውን የለቀቀ ወረቀት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቪዲዮ ጌሞችና ስለ ታሪካቸው ባለፈው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ አንባቢ፣ ቀጥሎ እንደ አራሚ። የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ስህተት ሳይ እጄን ይበላኛል።

የጸሐፊው ነጥብ ባጭሩ ይኼ ነው። የ«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ጌሞችን ቅደም ተከተል ሠሪው ኩባንያ ኒንቴንዶ ራሱ በመጽሐፍ አውጥቶታል። ባለቤቱ ተናግሯል፤ ነገሩ አልቋል። ከዚህ በኋላ ተጫዋቾች የሚደረድሩት መላምት ሁሉ የሥራ ፈት ወሬ ነው።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አላለቀም። ይህን የምለው በዚያ መጽሐፍ ተሸንፌ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፉ ሲወጣ ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ጣጣው የመጣው ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ጌሞቹን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ። ሃይሩል የሚባል መንግሥት አለ። ሊንክ የሚባል ልጅ አለ፣ ዜልዳ የምትባል ልዕልት አለች፣ ጋነን የሚባል ክፉ አለ። በ1987 የመጣው ሁለተኛው ጌም የመጀመሪያውን ታሪክ ቀጠለ። ሦስተኛው «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» በ1991 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ጀግናው አሁንም ሊንክ ይባላል። ሰውየው ግን ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው ሊንክ በፊት የኖረ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ጌም አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይዘላል። ስሙ አንድ፣ ሰዉ ብዙ። «ይኼኛው ደግሞ የትኛው ሊንክ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እንግዲህ ከዚህ ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የተጣላነው በ«ሊንክስ አዌክኒንግ» ነው። ጌሙ የወጣው በ1993 ነው። እኛ እጅ የገባው ግን ቆይቶ፣ ከሰው እጅ ተገዝቶ፣ ያለ ካርቶኑና ያለ መመሪያው ነበር። ያለን ጌም ቦይ፣ በእጅ የሚያዘው መጫወቻ ማለት ነው፣ አንድ ነው። በየተራ እንይዛለን። ያልደረሰው ከጀርባ ሆኖ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሊንክ በጀልባ ሲጓዝ ማዕበል ይመታዋል። ኮሆሊንት በምትባል ደሴት ዳርቻ ራሱን ያገኛል። ከዚያ ለመውጣት ተራራው ላይ በትልቅ እንቁላል ውስጥ የተኛውን ዊንድ ፊሽ መቀስቀስ አለበት። ችግሩ ደሴቷ፣ ሰዎቿ፣ ዶሮዎቿ ሳይቀሩ የዚያ ዓሣ ሕልም መሆናቸው ነው። ዓሣው ሲነቃ ሁሉም ይጠፋል። ጌሙን የጨረስን ዕለት ወንድሜ ዝም አለ። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እንግዲህ ከጋዜጣ ያንብበው።

ክርክሩ የተነሳው በማግሥቱ ነው። ወንድሜ «ይኼ ሊንክ ያው የኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስቱ ልጅ ነው» አለ። ማስረጃው የመጨረሻው ጠላት ነበር። ያ ጥላ ቅርጹን እየቀያየረ ነው የሚዋጋው። አንዴ ጠንቋዩን አጋኒምን ይሆናል፣ አንዴ ጋነንን ከነጦሩ። ሁለቱም የቀድሞው ጌም ጠላቶች ናቸው።

«ሰው ያላየውን አያልምም» አለኝ።

«ሕልሙ እኮ የዓሣው ነው» አልኩት። ያን ቀን አላናገረኝም።

በ2001 «ኦራክል ኦፍ ሲዝንስ» እና «ኦራክል ኦፍ ኤጅስ» አብረው ወጡ። እነሱን ስናገኝ እኔም ማስረጃ ያዝኩ። ሁለቱን አገናኝቶ የጨረሰ ሰው መጨረሻው ላይ ሊንክ በጀልባ ሲሄድ ያያል። ጀልባዋ ደግሞ ቁርጥ ያቺ ማዕበል የሰበራት! ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ የኦራክሎቹን ጀብዱ ጨርሷል፣ ከዚያ በጀልባ ወጥቷል፣ ከዚያ ኮሆሊንት ላይ ወድቋል አልኩ። ወንድሜ ግን አልተበገረም። «ኦራክሎቹ ላይ ዜልዳና ሊንክ ገና እንደ አዲስ ነው የሚተዋወቁት። ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት ላይ በዚያ በዝናብ ሌሊት ከእስር ያወጣትን ልጅ ረስቷት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጀልባዬን ይዤ ድርቅ አልኩ።

ነገሩን በደብተር አሰፈርነው። በግራ የሱ፣ በቀኝ የኔ፣ ከታች የሁለታችን ፊርማ። ፊርማው የኔ ሐሳብ ነበር። ሕግ አዋቂ መሆኔ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2011 «ሃይሩል ሂስቶሪያ» የተባለው መጽሐፍ ጃፓን ውስጥ ታተመ። እንግሊዝኛው በጃንዋሪ 2013 ተከተለ። ሙሉው ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተዘረጋው እዚያ ላይ ነው። ገጹን እንዳገኘሁ ዓይኔ አንድ ቦታ ብቻ ሄደ። ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት፣ ቀጥሎ ኦራክሎቹ፣ ቀጥሎ ሊንክስ አዌክኒንግ። የኔ! ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሰላምም አላልኩት፤ ቀጥታ አነበብኩለት።

ዝም ብሎ ቆየና «ኩባንያው ተሳስቷል» አለኝ።

በሳቅ ሞትኩ። «የራሱን ታሪክ ነው የተሳሳተው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እያነሳሁ አበሸቅኩት። በሆነ ባልሆነው «ኩባንያው ተሳስቷል» እላለሁ።

በ2018 ኩባንያው ዝርዝሩን አሻሽሎ ሲያወጣ ሊንክስ አዌክኒንግ ከኦራክሎቹ በፊት ገባ። በቃ፣ እንዲሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኼኛው ወረቀት ግን ለቀቀ፤ ይዛ የቀረችው ሞኟ ናት። ወንድሜ አልደወለም። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ፊርማዬን በቀይ አክብቦታል።

እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቀው ይህን ነው። ከ2011 እስከ 2018 ድረስ ወንድሜ ተሳስቶ ነበር? እኛ ይዘነው በነበረው ካርትሪጅ ውስጥ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። ጥላው ያኔም አጋኒምን ይመስል ነበር። ዜልዳም ያኔ ሊንክን አታውቀውም ነበር። የተለወጠው የኩባንያው ሐሳብ ነው። ወንድሜ ስለ ሐሳባቸው አልተናገረም። የተናገረው ስላየው ነገር ነው።

ይህ በሥራዬ ላይ በየጊዜው የሚያጋጥመኝ ነገር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ደራሲው «እኔ እኮ እንዲህ ለማለት ነው» ይለኛል። «እሺ፣ የቱ ጋ ነው ያልከው?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ያሳየኛል፤ አፍሬ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ ያጣዋል። የሐሳቡ ባለቤት እሱ ነው፤ አልክድም። ገጹ ላይ የሰፈረውን ግን እሱም እንደኔ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። የጌም ሠሪዎች ይፋዊ ታሪክም ለኔ እንደዚያው ነው። ዛሬ ምን እንደሚያስቡ ይነግረኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጌሙን ግን አይተካውም።

ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ይህን አልደበቀም። የሰፈረው ለጊዜው እውነት ነው ተብሎ የሚታመነው እንደሆነ፣ ተራኪው ሲለወጥ የሃይሩል ታሪክም እንደሚለወጥ እዚያው ውስጥ ይናገራል። ጸሐፊው መጽሐፉን ምስክር አድርገው ከጠሩት አይቀር ይህንንም ቃሉን ሊሰሙለት ይገባ ነበር።

ይህን ስል ግን ተጫዋች ሁሌ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ሠሪዎቹ በልጠውናል።

«ኦካሪና ኦፍ ታይም» በ1998 የወጣ ጌም ነው። ሊንክ ልጅ ሆኖ ይጀምራል። ማስተር ሶርድ የተባለውን ሰይፍ ከመቀመጫው ሲነቅል ሰባት ዓመት ይተኛል። አድጎ ይነቃና ጋኖንዶርፍን ይገጥማል፤ ይህ ሰው ነው ኋላ ጋነን የሚሆነው። ካሸነፈ በኋላ ዜልዳ ወደ ልጅነቱ ትመልሰዋለች። ተጫዋቾች እዚህ ላይ አንድ ነገር ነቁ። ሊንክ ጥሎት የሄደ ዘመን አለ፤ የተመለሰበትም ዘመን አለ። ታሪኩ ለሁለት ተሰንጥቋል ማለት ነው። በ2002 «ዘ ዊንድ ዌከር» ሲመጣ ጀግና አጥቶ የቀረው ሃይሩል ባሕር ውጦት ተገኘ። የጌሞቹ ኃላፊ ኤይጂ አኦኑማም የመንገዱን ለሁለት መከፈል አረጋገጡ። በ2006 የወጣው «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» ሌላኛውን መንገድ ያዘ። እዚያ ጋኖንዶርፍ መንግሥቱን ሳይገለብጥ ተይዞ ለሞት ፍርድ ቀርቧል።

ቦታ ያጡት የድሮዎቹ ጌሞች ናቸው። የኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት መመሪያ ስለ አንድ የጥንት ጦርነት ያወራል። ሰባት ጠቢባን ጋነንን አሰሩት፤ ሰይፉን የሚይዝ ጀግና ግን አልተገኘም ይላል። ኦካሪና ላይ ደግሞ ጀግናው አለ፤ ያውም ሰይፉን ይዞ! ታዲያ ጦርነቱ የቱ ጋ ይግባ? እኔና ወንድሜ ለዚህ ብቻ ስድስት ገጽ ጨርሰናል። ከስድስቱ አንዱም ውሃ አያነሳም።

መጽሐፉ ሦስተኛ መንገድ ይዞ መጣ። ሊንክ በመጨረሻው ፍልሚያ የተሸነፈበት መንገድ።

መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። ይኼማ ማጭበርበር ነው አልኩ። «ቢሸነፍስ?» ማለት ከተቻለ እያንዳንዱ ጌም ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው። ለምን እዚህ ብቻ? ለዚህ ጥያቄ መጽሐፉ መልስ የለውም። አሁንም ቅር እንዳለኝ ነው።

አንድ ምሽት ግን ጌሙን እንደገና እየተጫወትኩ ጋኖንዶርፍ ገደለኝ። ማያው ጨለመ፤ «ጌም ኦቨር» አለ። እንደ ልማዴ ልቀጥል እጄን ሰደድኩና ቆም አልኩ። በልጅነቴ ይህን ጨለማ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ? ሊንክ ሞተ፣ እኔ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሊንክ ተነሳ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥዬው የመጣሁት ሃይሩል ምን ሆነ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሠሪዎቹ ጠየቁ። ደግሞ ይገጥማል። ጀግናው ሞቶ ከሆነ መመሪያው «ጀግና አልተገኘም» ቢል ምን ይደንቃል? ስድስት ገጽ ሙሉ ስንጨቃጨቅ ይሸነፋል ብለን አላሰብንም። ለካ እኛ የምንጫወተውን ልጅ አሸናፊ አድርገን ነው የምናስበው፣ አሥራ አንድ ጊዜ በተከታታይ ገድለነውም ቢሆን።

ተቃራኒውም አለ። ትዋይላይት ፕሪንሰስ ላይ አንድ የአጽም ተዋጊ ሊንክን ሰይፍ ያስተምረዋል። ስሙን አይናገርም። በሕይወት ሳለ ያወቀውን ለተከታዮቹ ሳያስተላልፍ መቅረቱ ይቆጨዋል። ብዙ ተጫዋቾች ይህ የኦካሪናው ሊንክ ነው አሉ። አንዱ ማስረጃ ዜማ ነው። እሱን ለማግኘት ሊንክ ተኩላ ሆኖ ድንጋይ አጠገብ ያላዝናል። ከሚያላዝናቸው ዜማዎች አንዳንዶቹ የኦካሪናና የ«ማጆራስ ማስክ» ዜማዎች ናቸው። ጆሮ የሰጠ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። መጽሐፉ ከአምስት ዓመት በኋላ መጥቶ አዎ፣ እሱ ነው አለ። ጸሐፊው የሥራ ፈት ወሬ ያሉት እንግዲህ ይኼንንም ጨምሮ ነው።

ሁሉም መላምት እኩል ነው አልልም። ያው የኦካሪናው ሊንክ በልጅነቱ የሚጓዝበት፣ በ2000 የወጣው ማጆራስ ማስክ ላይ ሊንክ ከመጀመሪያው ሞቷል የሚሉ አሉ። ጨረቃዋ በሦስት ቀን ውስጥ ልትወድቅ ነው፤ የከተማው ሰው ግማሹ አላምንም ይላል። ረግረጉ አካባቢ ያለው ንጉሥ ይቆጣል። ተራራው ላይ ያለው የሞተ ጀግና አስነሱኝ ብሎ ይለምናል። ባሕሩ ዳር ያለችው ዘፋኝ ሐዘን ድምጿን ዘግቶታል። መጨረሻ ላይ የሙታን ሸለቆ ይመጣል። መካድ፣ ቁጣ፣ ልመና፣ ሐዘን፣ መቀበል፤ ሐዘንተኛ የሚያልፍባቸው የሚባሉት አምስቱ ደረጃዎች በቅደም ተከተል። ያምራል፤ እውነት ለመናገር በጣም ያምራል። ግን የአጽሙን ተዋጊ የተቀበለ ሰው ይህን መቀበል አይችልም። ያ ሰው በልጅነቱ አልሞተም፤ አድጎ፣ ተዋጊ ሆኖ፣ ተቆጭቶ ነው የሞተው። ሁለቱንም ባንድ ላይ ይዞ የሚሟገት ሰው አጋጥሞኛል። ተውኩት።

ከመላምት በታች ደግሞ ተራ ወሬ አለ። ኦካሪና ላይ ሯጭ ሰውዬ አለ፤ ይወዳደርሃል። ብትቀድመው ድብቅ ሽልማት አለ ይባል ነበር። ወንድሜ አንድ ሙሉ የእረፍት ጊዜውን በዚህ ጨረሰው። ሰውየው ሁሌ በአንድ ሰከንድ ይቀድማል። የፈለግከውን ያህል ብትፈጥን በአንድ ሰከንድ ይቀድማል፤ ሲሠራ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጸሐፊው የተናደዱት በእንዲህ ዓይነቱ ከሆነ ከጎናቸው ነኝ። ወንድሜም አብሮን ይቆማል።

«ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በ2017 ሲወጣ ኩባንያው ዘዴውን ቀየረ። ጌሙን ከሁሉም መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። ከሦስቱ መንገድ በየትኛው መጨረሻ ላይ እንደሆነ ግን አልተናገረም። አኦኑማ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሰዎች ከቁርጥራጩ ነገር ታሪኩን ራሳቸው መገጣጠም እንደሚወዱ ማየታቸውንና ሁሉን ወስነው ቢዘጉት ለምናብ ቦታ እንደማይቀር ተናግረዋል። «ነገሩ አልቋል» የሚሉት ጸሐፊ እዚህ ላይ ከባለቤቱም በልጠው የባለቤት ጠበቃ ሆነዋል።

እኔና ወንድሜም ቀጥለናል። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ላይ የድንጋይ ጨው አለ። መግለጫው ከጥንት ባሕር የቀረ ጨው ነው ይላል። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ነው የደወልኩለት። ባሕሩ የዊንድ ዌከር ባሕር ነው፣ መንገዱ ታወቀ አልኩት። «የትኛው የድንጋይ ጨው ነው ከጥንት ባሕር ያልመጣ?» አለኝ። ሄጄ አነበብኩ። እውነቱን ነው። አንዳንዴ ይህን ልጅ አልወደውም።

በ2023 «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ሲመጣ ደግሞ ራውሩ የሚባል ንጉሥ የሃይሩል የመጀመሪያው ንጉሥ እኔ ነኝ አለ። ወንድሜ እንደ ቃሉ ይወሰድ ይላል። እኔ ደግሞ አሮጌው ሃይሩል ጠፍቶ ይኼ ሁለተኛው ምሥረታ ነው እላለሁ። በራውሩ ዘመን ሪቶ የተባሉት ባለ ክንፍ ሕዝቦች አሉ። ሪቶዎች ደግሞ በዊንድ ዌከር ታሪክ ከባሕሩ በኋላ የመጡ ናቸው። ከጥፋት ውኃው በፊት ከየት መጡ? ወንድሜ «ሌላ ወፍ ይሆናል» ይላል። ይህን መልስ ብሎ ነው የሚሰጠኝ። ደብተሩ አሁን ሦስተኛ ሆኗል። ፊርማ ግን ቀርቷል፤ እኔ ሁለተኛ አልፈርምም።

በመጨረሻ አንድ እርማት፤ እጄን የበላኝም እሱ ነው። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ሥዕል ሥር «ጀግናው ዜልዳ» ይላል። አረንጓዴ ቆብ ያጠለቀው ልጅ ሊንክ ነው። ዜልዳ ልዕልቷ ናት። እርግጥ በ2024 በወጣው «ኤኮስ ኦፍ ዊዝደም» ዋናዋ ጀግና እሷ ራሷ ናት። ሥዕሉ ግን ከዚያ ጌም አይደለም፤ ደግሞም ያኔም «ጀግናው» ሳይሆን «ጀግናዋ» ነው የሚባለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አራሚ